ብርቱካንማው ገመድ

መጋረጃው ብርሃኑን አልቻለውም፤ በጠርዙ ሾልኮ ገብቶ ግድግዳው ላይ ተጋድሟል፣ እኔም አልጋዬ ላይ ተጋድሜያለሁ፣ ከሁለታችን የተኛ የለም። የዚህ ሳምንት ፈረቃዬ የማታ ስለሆነ ሰው ሁሉ ወደ ሥራ ሲወጣ እኔ ገብቼ መተኛት አለብኝ። ከላይ ያለችው ጎረቤቴ ወንበር ትጎትታለች፣ ከመስኮቱ ሥር የቆሻሻ መኪናው በርሜሉን አንስቶ ሲደፋ ሃይድሮሊኩ ያቃስታል፣ ዘይት አንሶታል እላለሁ ሳላስበው፣ ይህ ከአባቴ የተጋባብኝ አመል ነው። አባቴ። ምን ነክቶኝ ነው እሺ ያልኩት? ጠዋት ከፈረቃ ወጥቼ አውቶቡስ ስጠብቅ ስልኬ ጮኸ፣ ሳየው እሱ ነው፣ አባቴ ራሱ ሲደውል ብርቅ ነው፤ ሁልጊዜ እናቴ ትደውልና ስልኩን ጆሮው ላይ ትለጥፍለታለች፣ እሱም «ደህና ነሽ? ጤና ነሽ? በይ በርቺ» ብሎ ይመልስላታል። ዛሬ ግን ራሱ ደወለ። «ስሚ ብሎኔ» አለኝ። ስሜ ብሎን አይደለም፤ በልጅነቴ በጠፋሁ ቁጥር እንደ ወደቀ ብሎን ከመኪና ሥር ስለምገኝ እሱ ያወጣልኝ ስም ነው። «ስሚ ብሎኔ፣ ያንቺ መኪና መጣችልሽ።» የምን የኔ መኪና እለዋለሁ። «ሞተር የሌላት ነቻ። ሲስተር የገዛቻት። ቀጥ ብላ ቆማባት ተጎትታ መጣች።» ሲስተር የሰፈራችን ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት፣ የሰፈሩን ልጅ ግማሹን በእጇ የተቀበለች፣ እኔንም ጭምር። «ኤሌትሪክ ናት ይሉኛል እንጂ መኪና መኪና ነው» አለ አባቴ። «ከሆዷ ሥር ትልቅ ሳጥን አላት። ከምሳ በኋላ በክሪክ አነሳትና ሳጥኑን አወርደዋለሁ፣ ሽቦውን አንድ በአንድ ነካ ነካ ባደርገው የተበጠሰው ይገኛል።» ድምፁ አዲስ ጫማ እንደተገዛለት ልጅ ነበር። እኔም፣ ሌሊቱን ሙሉ ስለዚያው ሳጥን፣ ስለ ባትሪው፣ ስማር ያደርኩት ሴትዮ፣ «እሺ አባዬ፣ በርታ» አልኩት። በርታ አልኩት። አውቶቡሱ መጣ፣ ካርዴን አስነካሁ፣ ተቀመጥኩ።

ስለ መኪና አባቴን ተሳስተሃል ብዬው አላውቅም፣ ነገሩ ይኸው ነው። በሌላው ነገር ሁሉ ስንጨቃጨቅ ነው ያደግኩት፣ በጸጉሬ፣ በማምሸቴ፣ ወደዚህ ወደ ሰው አገር በመምጣቴ፤ መኪና ላይ ግን የመጨረሻው ቃል የሱ ነው። ደግሞ ደክሞኝ፣ መንገድ ላይ ቆሜ፣ እሱ እንደዚያ ደስ ብሎት፣ ተው አትንካ የሚል ቃል ከየት ይምጣልኝ። ከምሳ በኋላ ነው ያለው፣ ቤት ገብቼ ረጋ ብዬ እደውልለታለሁ አልኩ ለራሴ። ቤት ገባሁ፣ ዳቦ በሻይ ቀማመስኩ፣ ታጠብኩ። ይኸው ተጋድሜያለሁ።

አባቴ መኪና የሚያክመው በጆሮው ነው። ጋራዡ ከቤታችን ጓሮ ነው፣ ከአጥሩ ማዶ የአውቶቡስ መናኸሪያ አለ፣ እሱ ሻይ እየጠጣ በአጥሩ በኩል የሚያልፈውን ሁሉ ያዳምጣል። የዚህ ቫልቭ ለቋል ይላል፣ የዚያኛው ፍሪሲዮን አልቋል ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። አንድ ቀን ደግሞ፣ እኔ ያኔ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ፣ እጁን በሳሙና እየታጠበ ሳለ ድንገት ቀና አለና አረፋው ከእጁ ሳይወርድ ሮጠ፣ ተከተልኩት። ሰው ሞልቶ ሊወጣ ከሚል አውቶቡስ ፊት ቆሟል። ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይሰድበዋል፣ አባቴ ስድቡን ሰምቶም አልሰማ፤ «የኋላ ቀኝ ጎማህን ፍታ» ይለዋል ብቻ። ረዳቱ እየተነጫነጨ ፈታው። ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ዱቄት ሆኗል። ቁልቁለቱ ላይ ቢደርስ ኖሮ ጎማው ጥሎት ይሄድ ነበር። ተሳፋሪው ወርዶ የአባቴን እጅ፣ ያንን ሳሙናም ግራሶም የተለወሰ እጅ፣ ተራ በተራ ሲጨብጥ እኔ ከጎኑ ቆሜ የኔ አባት ነው ማለት አቅቶኛል። እሱ ግን ወደ ቤት ስንመለስ የሚያወራው ስለ ኩሽኔታው ጥራት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ይህ ሰው ታዲያ ሽቦ ሲፈትሽ ጫፉን ልጦ ከመኪናው ገላ ጋር ጫር ያደርገዋል፣ ብልጭ ካለ ኃይል አለ፣ ካላለ የለም። የትልቅ መኪና ባትሪ በባዶ እጁ ይነካል፣ «ሃያ አራት ቮልት ሰው አይነክስም» ይላል፣ ልክም ነው፣ ሃያ አራት ቮልት ሰው አይነክስም። ዕድሜ ልኩን ልክ የነበረ ነገር ነው ዛሬ ከምሳ በኋላ ልክ የማይሆነው።

እዚህ ደግሞ ለጆሮ የሚሆን ነገር የለም። መጀመሪያ ቀን ለሥልጠና የኤሌትሪክ መኪና ባትሪ ፋብሪካው ስንገባ የጠበቅኩት መዶሻ፣ ብየዳ፣ የተቃጠለ ዘይት ሽታ ነበር፤ ያገኘሁት ከሆስፒታል የባሰ ንጽህና ነው። ከወረቀት የሳሳ የመዳብ ቅጠል ከጥቅል ላይ እየተፈታ በሮለሮች መሃል እንደ ውኃ ይፈሳል፣ ጥቁር ሊጥ በላዩ እኩል ይለቀለቃል፣ በረጅም ምድጃ ውስጥ አልፎ ይደርቃል፣ ይዳመጣል፣ ይቆረጣል፤ በሌላው በኩል አሉሚኒየሙ እንዲሁ ይመጣል፤ ከዚያ ሁለቱ ይደራረባሉ፣ እንዳይነካኩ ግን በመሃላቸው ስስ ነጭ ሽፋን ይገባል። ሁለቱ ከተነካኩ እሳት ነው፣ ካልተነካኩ መኪና ነው። ቀጥሎ ደረቁ ክፍል አለ። ባትሪው ፈሳሹን የሚጠጣው እዚያ ነው፣ ቅንጣት እርጥበት ከገባ ይበላሻል፣ የሰው ትንፋሽ ሳይቀር ጠላት ስለሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ ሆነን አንገባም። ከዓይናችን በቀር ምንም የማያሳይ ልብስ ለብሰን፣ በሁለት በር መሃል ንፋስ ተነፍቶብን ነው የምንገባው። ከንፈሬ ይሰነጠቃል፣ ዓይኔ ይቆጠቁጣል። እዚያ ክፍል ውስጥ ማልቀስ ክልክል ነው፣ እርጥበት ነው፣ እየተባባልን እንቀልዳለን እኛ ከሩቅ የመጣነው። ከሁሉ የምወደው ግን የመጨረሻውን አዳራሽ ነው። ያለቁት ባትሪዎች መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ያርፋሉ። ማንም አይነካቸውም፣ ይጠበቃሉ ብቻ። ጤነኛው የተሰጠውን እንደያዘ ይቆያል፣ ሕመም ያለበት ግን ሳይታወቅ ቀስ በቀስ ኃይሉን ያንጠባጥባል፣ ሲለካ ይያዛል። መጀመሪያ ያን አዳራሽ ያየሁ ቀን አባዬ እዚህ ቆሞ ባየ አልኩ፤ በኋላ ደግሞ፣ ቢቆም ምን ይሰማል አልኩ፣ እዚህ ምንም አይሰማም፣ እና ያ ሐሳብ እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ።

አሰልጣኛችን ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቁመታቸው ከትከሻዬ የማያልፍ ሴት ናቸው። እዚህ ሽማግሌም አለቃም በስሙ ነው የሚጠራው፣ እኔም በአፌ በስማቸው እጠራቸዋለሁ፣ በሆዴ ግን እማማ ቆይ ነው የምላቸው፣ አንቱም እላቸዋለሁ። በእነሱ ቋንቋ አጥርቼ የያዝኩት የመጀመሪያው ቃል ቆይ ነው፣ ከእሳቸው አፍ። ካቻቢቴ ሳነሳ ቆይ፣ ክዳን ልከፍት ስል ቆይ፣ እጄ ከሐሳቤ ሲቀድም ቆይ። ጋራዥ ያደገ እጅ ችኩል ነውና መጀመሪያ አበሳጨኝ። ቀስ እያልኩ ነው የገባኝ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ካምቢዮ በሚሠራ ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ ጥርሱን በእጃቸው ዳብሰው ጉድለቱን ያውቁ ነበር ይባላል፣ ከዚያ ፋብሪካው ተዘጋ፤ የኤሌትሪክ መኪና ያን ካምቢዮ አይፈልግም። እኩዮቻቸው ጡረታ ሲጠብቁ እሳቸው ከልጆቻቸው ልጆች እኩዮች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሀ ጀመሩ። እንዴት ቻሉት ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን። «አለቀስኩ፣ ከዚያ ተመዘገብኩ» አሉኝ፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም። እሳቸውን ሳይ እግሬ ይቀላል፣ ሌላ ምን ልበል።

በማሰልጠኛው ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ቁልፍ ተሰቅሏል። አሥራ ሦስት ቁጥር የብሎን መፍቻ፣ ያው የማንኛውም መካኒክ ኪስ ውስጥ የሚገኘው። ግማሹ ቀልጦ እንደ ሻማ ተንጠባጥቧል። ከአንድ መካኒክ እጅ አምልጦ የተከፈተ ሳጥን ላይ ነው የወደቀው፣ ሁለቱን ጫፍ አገናኘ፣ በዓይን ጥቅሻ። «ሰውየውስ?» አለ ከኋላ የተቀመጠው፣ ድሮ ቀለም ቀቢ የነበረው ልጅ። «ተርፏል» አሉ እማማ ቆይ። «እጆቹ ግን ወደ ሥራ አልተመለሱም። ጎበዝ መካኒክ ነበር፣ የሰቀልነውም ለዚህ ነው። ሰነፍ ሰው ያን ሳጥን ለመክፈት አይደፍርም።» ማታ ደግሞ፣ ይኸው ትናንት ማታ፣ ስለ ብርቱካንማው ገመድ ነው ያስተማሩን። በኤሌትሪክ መኪና ውስጥ ገዳይ ኃይል የሚሄድበት ገመድ ሁሉ ብርቱካንማ ልባስ ይለብሳል፣ የትም ፋብሪካ ይሠራ የት፣ ቀለሙ ያው ነው፣ ሰው ሁሉ እንዲያውቀው። አራት መቶ ቮልት። መጀመሪያ ኃይሉ ይቆረጣል፣ ይጠበቃል፣ በወፍራም ጓንት ተለክቶ ዜሮ መሆኑ ይረጋገጣል፣ ከዚያ በፊት አይነካም። አጠገቤ ያለው ሁሉ ይሰማል፣ እኔም እሰማለሁ፣ ገብቶኛል፣ እጄን አውጥቼ እንዲያውም መልሻለሁ። በጠዋት ወጥቼ አባቴን በርታ አልኩት።

ሌላም ያልነገርኩት ነገር አለ። ባለፈው ሳምንት እማማ ቆይ ከፈረቃ በኋላ አስቀሩኝ። ሥልጠናው ሊያልቅ ነው፣ ከዚህ ወዲያ ምን ታስቢያለሽ አሉኝ። ማምረቻው ላይ መቅረት ይቻላል፣ ማሽን ጥገና ላይ መግባት ይቻላል፣ ሰው ይፈልጋሉ፣ በተለይ እንደኛ ከመኪና ሙያ የመጣ። «ላንቺ ግን ሌላ አስቤያለሁ» አሉ። የምርመራና የጥገና ማዕከሉን ማለታቸው ነው፤ የታመመ ባትሪ የሚመረመርበት፣ ሲጨርሱ ለጋራዦች አሰልጣኝ የሚሆኑበት። ሁለት ዓመት። «ስለ ባትሪ የሚያውቅ ሞልቶኛል» አሉኝ። «መኪናው የቆመበት ሰው ፊት ቆሞ የሚያውቅ ነው የሌለኝ። ይህን ትምህርት ቤት አያስተምረውም፣ ጋራዥ ነው የሚያስተምረው።» ደስ ብሎኝ አውቶቡሱን አሳለፍኩት፣ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። አባቴ በተደዋወልን ቁጥር ቦታሽን ጠርጌ እየጠበቅኩሽ ነው ይላል፣ ወገቡ እየከዳው ነው፣ ከመኪና ሥር ሲወጣ ሰው ይስበዋል ትለኛለች እናቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። እኔም እየመጣሁ ነው እላለሁ፣ ምንም ያልተፈጠረ ይመስል። ለእማማ ቆይ መልስ አልሰጠሁም፣ ለአባቴም አልነገርኩትም። ለሁለት ሰው ዝም ማለት እንዴት ይደክማል።

ተነሳሁ። ብርሃኑ ከግድግዳው ወርዶ ወለሉ ላይ ደርሷል። የዚህና የአገር ቤት ሰዓት ብዙም አይራራቅም፣ ምሳ ነው እነሱ ጋ፣ አባቴ ደግሞ ምሳ ሲበላ ባቡር የሚያመልጠው ነው የሚመስለው። ደወልኩለት። ይጮኻል፣ አይነሳም። ስልኩ የሚቀመጠው ቱታው ኪስ ውስጥ ነው፣ ቱታው የሚሰቀለው ሚስማር ላይ ነው፣ ሥራ ሲጀምር ለብሶት ይሆናል፣ ላይሆንም ይችላል። እንደገና ደወልኩ። እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ተይዟል፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው በዚህ ሰዓት። ክሪኩ ሲነሳ ይታየኛል፣ አባቴ ካርቶን አንጥፎ በጀርባው ሲገባ፣ ከዚያ እግሮቹ ብቻ። እንደገና እሷ ጋ። ጠራ። «ልጄ፣ ምነው በደህና? አሁን ተኝተሽ አልነበር?»

«እማዬ፣ አባዬ የት ነው?»

«የት ይሆናል፣ መኪና ሥር ነዋ። ዛሬማ ምሳውን ቆሞ ነው የዋጠው። ይቺ የሲስተር መኪና…»

«እማዬ ሩጪ። ስልኩን በምስል አድርጊና ይዘሽለት ሩጪ።»

«እኔ አሁን ሩጫ ይወጣልኛል?» ትላለች፣ ግን እየሮጠች ነው፣ ነጠላ ጫማዋ ጠፍ ጠፍ ሲል ይሰማኛል። ምስሉ መጣ፤ አገጯ፣ ሰማይ፣ የጓሮው ሽቦ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ እንደገና አገጯ። ከዚያ የጋራዡ ጣሪያ፣ ከዚያ ነጭ መኪና፣ ከሥሩ የአባቴ ጫማዎች፣ ጫፋቸው ወደ ላይ። «አንተ፣ ልጅህ ናት» አለች። «እደውላለሁ በያት፣ እጄ ተይዟል» አለ ከሥር። እና ያኔ ከአፌ የወጣውን ድምፅ እኔም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ አልጮህኩም፣ ጩኸት አልነበረም፣ ግን ዝቅ ያለም አልነበረም።

«አባዬ፣ ቆይ። እጅህን ወደ ደረትህ መልስ።»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። እጅህን መልስና ውጣ። ምንም ሳትነካ ውጣ።»

እናቴ ስልኩን ወደ ፊቷ አዞረችው። «አባትሽን ነው እንዲህ የምትናገሪው?» አለችኝ፣ በቁጣ አይደለም፣ በድንጋጤ። «አዎ እማዬ። ወደሱ አዙሪልኝ።» አዞረችው። ካርቶኑ ተንፏቀቀ፣ አባቴ ወጣ፣ ቁጭ አለ፣ ግንባሩ ላይ አቧራ አለ። በቀኝ እጁ ታጣፊ ምላጭ ይዟል። ቀና ብሎ አየኝ፣ እኔ ደግሞ ምላጩን ነበር የማየው።

«ገመዷን ልልጣት ነበር» አለ። «ብርቱካንማዋን። ወፍራም ናት፣ ዋናዋ እሷ ትሆናለች ብዬ።»

ከዚህ በኋላ ምን እንዳልኩት በቅደም ተከተል አላስታውስም። አራት መቶ ቮልት አልኩት፣ መኪናዋ ብትቆምም ሳጥኑ አልሞተም አልኩት፣ ጫር ብታደርገው የሚመጣው ብልጭታ የምታውቀው ዓይነት አይደለም አልኩት። አልዋጥ እንዳለው ያስታውቃል፤ ዓይኑ ወደ መኪናዋ ይሄዳል፣ ይመለሳል። ከዚያ ግድግዳው ላይ ስለተሰቀለው ቁልፍ ነገርኩት።

«አሥራ ሦስት ቁልፍ?» አለ።

«አሥራ ሦስት ቁልፍ።»

«ቀለጠ?»

«እንደ ሻማ። በዓይኔ ነው ያየሁት። ሰውየው ጎበዝ መካኒክ ነበር።»

ምላጩን አጠፈና ኪሱ ከተተው። እጆቹን አያቸው፣ አንዴ መዳፉን፣ አንዴ ጀርባውን። «ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«ደስ ብሎህ ነበር።»

ሳቀ፣ ትንሽ። እናቴ አልሳቀችም። ከዚያ አባቴ፣ ከመኪና ጋር በተያያዘ ማንንም ጠይቆ የማያውቀው አባቴ፣ ወደ ስልኩ ጠጋ ብሎ «ታዲያ አሁን ምን ላድርግ?» አለኝ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

መኪናዋ እንዴት እንደቆመች ጠየቅኩት። ሲስተር ለሥልጠና ሌላ ከተማ ሄዳ ከርማ ስትመለስ በሩ እንኳ በሪሞት አልከፈትም አላት፣ በቁልፍ ከፈተችው፤ ዳሽቦርዱ ጨለማ፣ የቤት ቻርጀር ብትሰካባትም ዝም። እየነገረኝ ሳለ እኔ ፈገግ ማለት ጀምሬያለሁ። ኮፈኑን ክፈት አባዬ። ከፈተ። ብርቱካንማ ነገር ካለ እጅህን አርቅ፣ ትንሽ ባትሪ ፈልግ፣ የምታውቀውን ዓይነት። «ይቺ?» አለ። «ይቺማ የማንም መኪና ባትሪ ናት።» አዎ፣ ናት። ትልቁን ሳጥን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት፣ እሷ ከተኛች ትልቁ በሩን አይከፍትም፣ ሙሉ ሆኖም የሞተ ይመስላል። በቴስተር ለካት፤ አሥራ ሁለት መሆን የነበረባት ዘጠኝ እንኳ አትሞላም። ከዚህ በኋላ እኔ አላስፈለግኩትም። እናቴ ስልኩን ይዛ ቆማ እሱ ከመደርደሪያው ሌላ ባትሪ አውርዶ፣ ገመድ ዘርግቶ፣ ቀዩን በቀይ ጥቁሩን በጥቁር ሲያያይዝ አየዋለሁ፣ ያ እጅ ለአንድ አፍታ እንኳ አያመነታም፣ እንዴት ያምራል። ከሾፌሩ ወንበር ተቀምጦ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነ። ዳሽቦርዱ በራ።

«በራ» አለ። ጠበቀ። «አሁን ላስነሳት?»

«ተነስታለች አባዬ።»

«የት?»

ወረደ። ኮፈኑ ላይ እጁን አሳረፈ፣ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን አስጠጋ፣ እናቴም ሳላዛት ስልኩን አብራ አስጠጋች፣ ሦስታችንም አዳመጥን። ምንም። ቀና ሲል ፊቱን አየሁት፣ መኪና ያዳነ ሰው ፊት አልነበረም። «ታዲያ እኔ እነዚህን በምን ልወቃቸው?» አለ። ለኔ አልነበረም የተናገረው፣ እኔ ግን መለስኩለት፤ በልኬት ነው የምታውቃቸው አልኩት፣ ቅድም ያወቅካትም በልኬት ነው፣ አንተ ለክተህ እኮ ነው ያዳንካት። ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም ብዬ የማዕከሉን ነገር አወጣሁት። ሁለት ዓመት ስል እናቴ «ሁለት ዓመት?» አለች፣ ምስሉም መሬት መሬት ማሳየት ጀመረ። አባቴ ስልኩን ከእጇ ወሰደ።

«ነይ ብልሽ ትመጫለሽ?»

«እመጣለሁ።»

ትክ ብሎ አየኝ። «በይ ሲስተርን ልጥራት፣ መኪናዋን ትውሰድ» አለና ዘጋው። አልጋዬ ጫፍ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ፣ ጎረቤቴ ወንበር መጎተት ትታለች፣ እሱንም አላስተዋልኩትም ነበር።

ቀጥሎ ባሉት ቀናት እናቴ ብቻ ደወለች። አባትሽ ደህና ነው፣ ጋራዡ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይቀመጣል፣ አለችኝ። እማማ ቆይ አልጠየቁኝም፣ ግን ደረቁ ክፍል በር ላይ ልብሴን ስቆልፍ ያዩኛል፣ መልስ የምሰጥበት ጊዜ ማለቁን ሁለታችንም እናውቃለን። እምቢ እላለሁ ብዬ ቆርጬ ነበር። ዓረፍተ ነገሩን በእነሱ ቋንቋ አዘጋጅቼዋለሁ፣ አመሰግናለሁ ይላል፣ አባቴ ይፈልገኛል ይላል፣ በአውቶቡስ ውስጥ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ እለማመደዋለሁ። ከዚያ በሳምንቱ መጨረሻ፣ ፋብሪካው በር ላይ ስደርስ፣ ደወለ። ራሱ።

«ሌላ መጣልሽ» አለኝ። «የአንዱ ነጋዴ ነው። ድንጋይ ከሥር መቶት ሳጥኑ ተጨርምቷል።»

«አልነካኸውም አይደል?»

«መለስኩት።»

አልገባኝም። «ምን አደረግክ?»

«መለስኩት እልሻለሁ። እዚህ የሚነካው ሰው የለም አልኩት። ሌላ ቦታም ወስደህ ማንም ደፋር እንዳይከፍትልህ፣ ሰው ታስገድላለህ አልኩት፣ እንዳይነዳውም ነገርኩት። ይህን የምታውቅ ልጅ አለችኝ፣ እየተማረች ነው አልኩት።» ጉሮሮውን ጠረገ። «መቼ ነው የምትመጣው አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«ስትጨርስ አልኩታ።»

ሠራተኛው በግራና በቀኝ እያለፈኝ ይገባል፣ መታወቂያ ካርዶች ማሽኑ ላይ ጢጥ ጢጥ ይላሉ። «አባዬ» አልኩት፣ «አንተ መኪና መልሰህ አታውቅም እኮ።»

«አላውቅም» አለ። «ከባድ ነው። እራት አልበላልኝም ብላ እናትሽ እንዳታሳብቅብኝ።» ከዚያ «ለሥራ እየገባሽ ነው? ግቢ፣ አትርፈጂ» አለኝና ዘጋ፣ በርቺ እንኳ ሳይለኝ።

ገባሁ። እማማ ቆይ ማሰልጠኛው ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ናቸው፣ የምሽቱን መሣሪያ ይደረድራሉ። በሩ ላይ ቆምኩ። ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ጠፋብኝ፣ ደግሞም አሁን አያስፈልግም፣ ሌላ ደግሞ አላዘጋጀሁም። «እቀራለሁ» አልኩ፣ አንድ ቃል። መሣሪያውን አስቀመጡ። አባትሽስ ምን አለ አሉኝ፤ ስለ አባቴ አንዴ ብቻ ነበር ያነሳሁላቸው። «መኪና መለሰ» አልኳቸው። አልገባቸውም። ቋንቋው እየተንገዳገደብኝ አስረዳኋቸው፤ ዕድሜ ልኩን በሩ ላይ የመጣን መኪና አልችልም ብሎ እንደማያውቅ፣ ዛሬ ለማያውቀው ሰው አልችልም ማለቱን፣ ልጄ እስክትጨርስ ማለቱን። እማማ ቆይ ሲሰሙኝ ቆዩ፣ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ያ የካምቢዮ ጥርስ የሚዳስስ የነበረው እጅ። ሌሎቹ ሠልጣኞች እየተንጫጩ በኮሪደሩ ሲመጡ ይሰማል። እሳቸው ሄደው በሩን ገርበብ አደረጉትና ወንበር ስበው አጠገባቸው አስቀመጡልኝ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። «ስለዚህ ሰውዬ ንገሪኝ።»

ተቀመጥኩ። ከሳሙናው አረፋ ጀመርኩላቸው።